እፎይታው የማን ነው?

የተከበራችሁ የትምህርት ቤት ባለቤቶች፣ ርዕሳነ መምህራን፣ የሂሳብ ሠራተኞች፣ ከወላጅ ኮሚቴ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

በግል ትምህርት ቤቶች ሂሳብ ላይ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። በነዚህ ዓመታት በየቢሮው የምሰማው አንድ አባባል አለ፤ «እኛ እኮ ከቫት ነጻ ነን» የሚል። ባለቤቱ ይለዋል፣ ገንዘብ ያዧ ትለዋለች፣ ደረሰኝ የሚጠይቅ ወላጅ ሲመጣም ይኸው ይነገረዋል። አባባሉ እውነት ነው፤ ግን ሳይጨረስ የተቋረጠ እውነት ነው። ዛሬ የቆምኩት የቀረውን ልጨርሰው ነው።

ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በአጭሩ ቫት፣ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ታውጆ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል፣ የትምህርት አገልግሎት ነጻ ከተደረጉት ተርታ ነበር። ያን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1341/2016ም ይህን አልሻረውም። እንዲህ ባይሆን ኖሮ በወር 5 ሺህ ብር የሚከፍል ወላጅ 15 በመቶ ቫት ተጨምሮበት 5,750 ብር ይጠየቅ ነበር። እንግዲህ ይህ 750 ብር የማን ነበር? የትምህርት ቤቱ አልነበረም። ቫትን የሚሸከመው የመጨረሻው ተጠቃሚ ነው፤ ሻጩ ሰብስቦ የሚያስረክብ ነው። ስለዚህ ሕጉ ነጻ ያደረገው ልጁን ነው፤ በልጁ በኩልም ደመወዙን ቆጥሮ ክፍያ የሚያደርሰውን ቤተሰብ። ትምህርት ቤቱ ያረፈው ከመሰብሰብና ከማስረከብ ብቻ ነው።

እንዲያውም ትምህርት ቤቱ በሌላ በኩል ቫት ይከፍላል። ወላጆች ይህን ብዙም የምታውቁት አይመስለኝም፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። አንድ ትምህርት ቤት የ100 ሺህ ብር ኮምፒውተር ሲገዛ 15 ሺህ ብር ቫት ይጨመርበታል። ያንኑ ኮምፒውተር የገዛው ቫት የሚሰበስብ ነጋዴ ቢሆን፣ 15 ሺውን ከደንበኞቹ ከሰበሰበው ላይ ያቀናንሰዋል። ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ደግሞ የሚታየው በዜሮ ምጣኔ፣ ማለትም ታክሱ ዜሮ በመቶ ተብሎ፣ ስለሆነ ለግብዓት የከፈለውን ታክስ ተመላሽ መጠየቅ ይችላል። ትምህርት ቤቱ ግን ነጻ ነው እንጂ ዜሮ ምጣኔ አይደለም። የሚያቀናንስበት የለውም፤ ተመላሽም አይጠይቅም። 15 ሺው ወጪ ሆኖ ይቀራል፣ በመጨረሻም ከወርሃዊ ክፍያው ውስጥ ይገባል።

ኮምፒውተር ትንሹ ነው። ቀለም፣ ወረቀት፣ ወንበር፣ የሕንፃ እድሳት አለ። ከሁሉ የሚከብደው ኪራይ ነው። ለመኖሪያ የተከራየ ቤት ከቫት ነጻ ነው፤ ያው ግቢ አጸደ ሕፃናት ሲከፈትበት ግን መኖሪያ መሆኑ ይቀራል፣ አከራዩ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነም በየወሩ 15 በመቶ ይጨመራል። እናንተ ወላጆች «ከቫት ነጻ» የተባለውን ክፍያ ስትከፍሉ፣ በሆዱ የተደበቀ ቫት አብራችሁ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ይህን የምነግራችሁ ባለቤቶችን ለማሳጣት አይደለም። በየዓመቱ የክፍያ ጭማሪ ውይይት ላይ ስትቀመጡ፣ ከወጪው ውስጥ በእርግጥም ትምህርት ቤቱ ያልፈጠረው እንዳለ እንድታውቁ ነው። ባለቤቱም ይህን ወጪ በደረሰኝ ያሳያችሁ።

ሌላ አገር መንገዱን ቀይሮ አይተናል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ ላይ 20 በመቶ ቫት ተጥሏል። እዚያ ትምህርት ቤቶቹ ታክሱን መሰብሰብ ሲጀምሩ፣ ለግዢ የከፈሉትን ማቀናነስም ጀምረዋል። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል፤ የታክሱ አሠራር እንዲህ ነው። የኛ ሕግ የመረጠው ወላጁ ደጃፍ ላይ ታክስ እንዳይቆም ነው፤ እኔም ምርጫውን እደግፋለሁ። በአዲስ አበባ ልጁን የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሁሉ ሀብታም አይደለም፤ ብዙው ቤቱን አጣቦ የሚያስተምር ነው።

ሳልረሳው አንድ ነገር ልጨምር። ነጻ የሆነው ትምህርቱ ነው፤ በግቢው ውስጥ የሚካሄድ ነገር ሁሉ አይደለም። ቅዳሜና እሁድ አዳራሹን ለሠርግ የሚያከራይ ትምህርት ቤት በዚያ ቀን የሚሠራው የኪራይ ሥራ ነው፤ ታክሱም እንደ ኪራይ ይታያል። እነዚህን ገቢዎች ከወርሃዊ ክፍያው ጋር በአንድ ከረጢት አትክተቱ።

አሁን ወደ ገቢ ግብር ልሻገር፤ የመጣሁበት ዋና ጉዳይ እዚህ ነው።

ከቫት ነጻ መሆን ከገቢ ግብር ነጻ መሆን አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ትርፍ ያገኘ የግል ትምህርት ቤት ግብር ይከፍላል፤ ድርጅት ከሆነ 30 በመቶ። ይህ ግልጽ ስለሆነ አልቆይበትም። የምቆይበት በፔሮሉ፣ በደመወዝ መክፈያ ሰነዱ፣ ላይ ነው።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የምናወጣቸውን ማስታወቂያዎች አስታውሱ። «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይላሉ። መምህሩ ሲመጣ ስምምነቱ «ኔት ይህን ያህል» ይባላል። ኔት ሲባል ግብሩንና ጡረታውን ትምህርት ቤቱ ይችለዋል ማለት ነው፤ ሲሰሙት ደግነት ይመስላል። አሁን ሂሳቡን እንሥራው። ጥቅል ደመወዙ 12 ሺህ ብር የሆነ መምህር በድሮው ምጣኔ 2,700 ብር ግብር ይቆረጥበት ነበር። ከዚያ 7 በመቶ ጡረታ፣ 840 ብር፣ ሲነሳ 8,460 ብር እጁ ይገባል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ እስከ 2 ሺህ ብር ያለውን ከግብር ነጻ አደረገ፤ ምጣኔዎቹንም ቀየረ። የዚሁ መምህር ግብር 2,250 ብር ሆነ። በወር 450 ብር እፎይታ ማለት ነው፤ የልጅ ጫማ ነው፣ የታክሲ ነው። ነገር ግን የተዋዋለው «ኔት 8,460» ከሆነስ? ምንም አልተጨመረለትም። 450 ብሩ ትምህርት ቤቱ ጋ ቀረ። ሕጉ ለመምህሩ የሰጠውን እኛ ወሰድነው። ብዙዎቻችን ያደረግነው አስበንበት አይደለም፤ ውሉ ስለተጻፈ እንዲሁ ቀጠለ። ግን ወሰድነው።

ከዚህ የከፋም አለ። የማውቃት የአጸደ ሕፃናት መምህርት አለች። በአንድ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት አገለገለች። ለጡረታ ጉዳይ መረጃዋን ስታወጣ፣ የተመዘገበው ደመወዝ የምትቀበለው ግማሽ ሆኖ አገኘችው። ሁለት ፔሮል ነበር፤ አንዱ የሚፈረምበት፣ ሌላው ለገቢዎች የሚላከው። ወረቀቱን ይዛ እኔ ጋ ስትመጣ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እኔ እኮ ሁሌም የፈረምኩት ሙሉው ላይ ነበር»። የምመልስላት አጣሁ።

የ12 ሺህ ብሩን ደመወዝ 6 ሺህ ብሎ ማስታወቅ ምን እንደሚያስከትል እዩት። ግብሩ ወደ 700 ብር ይወርዳል። ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚሰበሰበው ጡረታ ከ2,160 ወደ 1,080 ብር ይወርዳል። መንግሥት ያጣው ግብር አንድ ነገር ነው። ጡረታዋ ግን የሚሰላው በተመዘገበው ደመወዝ ነው፤ ስለዚህ በስተርጅናዋ በየወሩ የሚጎድልባት እሷ ናት፣ ያውም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ።

ባለቤቱስ አተረፈ? ያልታወቀው 6 ሺህ ብር በወጪነት አይያዝለትም። ወጪ ካልተያዘ ትርፉ በዚያው ልክ ያብጣል፤ በ30 በመቶ ሲሰላ በአንድ መምህር ብቻ በወር 1,800 ብር የትርፍ ግብር ይመጣበታል። ይህን ለማምለጥ ገቢውንም መደበቅ አለበት፤ ማለትም ያለ ደረሰኝ ክፍያ መቀበል። «ከቫት ነጻ ነን፣ ደረሰኝ ምን ያደርጋል» የሚለው አነጋገር የሚወለደው ከዚህ ነው። ከመምህሩ ፔሮል የጀመረ ውሸት ዞሮ ወላጁ እጅ ላይ ይደርሳል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ክፍያው በባንክና በቴሌብር በሚገባበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ቶሎ ነው የሚቀለው።

ባለቤቶች፣ ጫናችሁን አውቃለሁ። ኪራይ በየዓመቱ ይጨምራል፤ የማይቀናነስ ቫት አለባችሁ፤ ክፍያ ለመጨመር ደግሞ ከወላጅና ከተቆጣጣሪው ጋር መነጋገር አለባችሁ። ይህን ጫና ማቅለል ያለባችሁ ግን ወጪያችሁን ሙሉ በሙሉ በማሳየት ነው። በደረሰኝ የተያዘ ቫት ቢያንስ የንብረቱ ዋጋ አካል ሆኖ በእርጅና ቅናሽ ትርፋችሁን ይቀንሳል። ሙሉ ደመወዝም ሙሉ ወጪ ነው። ሕጋዊው መንገድ የምታስቡትን ያህል ውድ አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። መስከረም ላይ ከመምህራን ጋር ውል ስትፈርሙ በጥቅል ደመወዝ ፈርሙ፤ ኔት የሚለው ቃል ከውሉ ይውጣ። በኔት የቀጠራችኋቸውን ደግሞ እፎይታቸውን ከሐምሌ 2017 ጀምሮ አስሉና መልሱላቸው። ለእያንዳንዱ መምህር ለጡረታ ያስታወቃችሁትን ደመወዝ በየወሩ ከፔሮሉ ጋር አሳዩት፣ ይፈርምበት። ወላጆች፣ ቫት ባይኖርበትም ደረሰኝ ጠይቁ። የሂሳብ ሠራተኞች፣ እናንተ እንደኔ ሁለተኛውን ፔሮል እንድታዘጋጁ የምትታዘዙት ናችሁ። አልሠራም በሉ። ከዚህ ስብሰባ በኋላ ውላችሁን ከኔት ወደ ጥቅል ለመቀየር ሂሳቡ የከበዳችሁ ካላችሁ፣ ካልኩሌተሬን ይዤ እዚሁ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ፤ እስክትጨርሱ አልሄድም።

አመሰግናለሁ።