ያንን ወረቀት መልሱልን

የተከበራችሁ ታካሚዎቻችን፣ ከአጠገባቸው የማትጠፉ አስታማሚዎች፣ የእድር አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ እንኳን ለዓለም የኩላሊት ቀን አደረሳችሁ።

በዚህ ቀን የደከመ ኩላሊትን ተክቶ ደም ስለሚያጥበው ማሽን ብዙ ይወራል። ስለ ዋጋው፣ ስለ ወረፋው። ያንገበግባል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን የእጥበት ክፍል ነርስ ነኝ፤ የመጣሁት ስለ ምግብ ልናገር ነው። ታካሚዎቻችን እጥበት እያገኙም በርሃብ እየተጎዱብን ነው።

ከአጋሮ አካባቢ የሚመጡ አንድ አባት ነበሩ፣ ቡና አምራች። እጥበት ከመጀመራቸው በፊት ሌላ ቦታ አንድ ወረቀት ተሰጥቷቸዋል። ሥጋ ይቀንሱ፣ እንቁላል ይተዉ፣ ወተት ይተዉ ይላል። ልጃቸው ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍና ኩሽናው ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ሩዝ፣ ማታም ሩዝ። ሚዛን ላይ ሲወጡ ሁሌም ያው 58 ኪሎ ናቸው። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ አልከሱም» ይላል።

እኔ የማየው ግን የሸሚዛቸውን ኮሌታ ነበር። ተቆልፎም ሁለት ጣት ያስገባል። ትከሻቸው ላይ አጥንቱ ወጥቷል። ቁርጭምጭሚታቸውን ስጫነው ደግሞ የጣቴ ምልክት ጎድጉዶ ይቀራል። ሥጋቸው ሲያልቅ ውሃ ቦታውን ይዞ ሚዛኑን ሸወደው! ከዚያ ኢንፌክሽን ያዛቸው። የሚቋቋሙበት አቅም አልነበራቸውም፣ አረፉ። ለቅሶው ላይ ሁሉም «ኩላሊት ገደላቸው» አለ። እኔ ግን ርሃቡም አለበት እላለሁ።

ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። የተባለችውን ነው ያደረገችው። ወረቀቱም በጊዜው ልክ ነበር። የደከመ ኩላሊት እጥበት ሳይጀመር ፕሮቲን ሲበዛበት ይጎዳል፤ ስለዚህ ይቀነሳል። እጥበት ሲጀመር ግን ነገሩ ይገለበጣል። በአንድ እጥበት ብቻ ከ6 እስከ 12 ግራም የሚሆን የፕሮቲን ንጥረ ነገር ከደም ውስጥ ወጥቶ ይሄዳል። ይህ የአንድ ወይም የሁለት እንቁላል ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣው የኩላሊት ሕሙማን የአመጋገብ መመሪያ ለእጥበት ታካሚ በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን በቀን ያዛል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ከእጥበት በፊት ከሚታዘዘው እጥፍ ገደማ!

ታዲያ ያንን ወረቀት ከግድግዳው ላይ ማን ያንሳው? እጥበት ሲጀመር ካቴተር የሚባለውን የደም ቱቦ የሚያስገባ አለ፣ ደም የሚቀዳ አለ፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ አለ። «አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንቁላል ይብሉ» የሚል ሰው እንዴት ይጠፋል? ይህ መድኃኒት የመከልከል ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ ከ12,000 በላይ የእጥበት ታካሚዎች ታይተው፣ በደማቸው ያለው አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ዝቅ ያለባቸው የመሞት ዕድላቸው በጣም ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አልቡሚን በኢንፌክሽንም ይወርዳል፤ የምግብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ሲወርድ አይቶ ዝም ማለት አይቻልም።

ጅማ አቮካዶና ሙዝ የሞላባት ከተማ ናት። እነሱን ቀንሱ ስንላችሁ ምክንያት አለን፤ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን በብዛት አለባቸው፣ እሱ ደም ውስጥ ሲበዛ ልብ ያቆማል። ድንችም ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋ። ጨውና ውሃ መቆጠብም ያው ነው። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ ሥጋ ግን በልክ ብሉ። ልኩን በየወሩ በምርመራችሁ እናስተካክላለን።

ጾምን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። በሽተኛ እንዳይጨነቅ ክርስትናውም እስልምናውም መንገድ ሰጥቷል። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ ሼኹን ጠይቁ፣ ለእኛም ንገሩን።

የእድር አባቶች፣ ለእጥበት ገንዘብ ስታሰባስቡ አይቻለሁ፣ አላህም እግዚአብሔርም ይስጣችሁ። ከዚያው ላይ የእንቁላል ብር ለዩ። የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ እጥበት ክፍል ውስጥ የሥነ ምግብ ባለሙያ መድቡ። የምንጠይቀው ቅንጦት አይደለም!

የድሮው ወረቀት በእጃችሁ ያለ፣ ስትወጡ በሩ ላይ ለቆሙት ነርሶች ስጧቸው። አዲሱን ይሰጧችኋል፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ተዘጋጅቷል። አመሰግናለሁ።