በአንድ በረት ያሉ ላሞች ለምን እኩል አይታመሙም?

የተከበራችሁ የወተት ላም አርቢዎች፣ የእንስሳት ሐኪሞችና አዳቃይ ቴክኒሻኖች፣ እንደምን አደራችሁ።

ስለ ጉርብርብ በሽታ እንድናገር ተጠይቄአለሁ፤ እኛ ሐኪሞቹ ላምፒ ስኪን የምንለው ነው። ምልክቱን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ላሟ ታተኩሳለች፣ ወተቷ ይጎድላል፣ አንገቷንና ጎኗን ስትዳብሷት ቆዳዋ ላይ ጠጣር እብጠት እጃችሁን ይነካዋል። እብጠቱ ዙሪያው ተሰንጥቆ መሃሉ እንደ ውታፍ ደርቆ ሲወድቅ ቀዳዳ ይተዋል። ያንን ቆዳ ነጋዴ አያነሳውም።

የዛሬው ጥያቄዬ ሌላ ነው። በአንድ በረት፣ አንድ ዝንብና አንድ ትንኝ እየነከሳቸው፣ አንዷ ስትወድቅ ሌላዋ ለምን ጥቂት እብጠት አውጥታ ታልፋለች?

በሽታው በአገራችን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ በኢትዮጵያ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ በዓመት ውስጥ ሆልስታይን ፍሪዥያን ከተባሉት የውጭ የወተት ላሞችና ከዲቃሎቻቸው 34 በመቶ ያህሉ ሲያዙ ከሐበሻ ከብት የተያዘው 13 በመቶ ገደማ ነበር። የሞቱት ደግሞ ከውጭዎቹና ከዲቃሎቹ 7.4 በመቶ፣ ከሐበሻዎቹ 1.25 በመቶ ነበሩ። እርግጥ ሁሉንም በደሟ ማሳበብ አይገባም፤ የዲቃላዋ አያያዝና ብዙ ወተት መስጠቷም የራሱ ድርሻ አለው። ቢሆንም የውጭ ደም በጨመረ ቁጥር ጉርብርብ እንደሚበረታ የሌላ አገር ልምድም ይመሰክራል። ኮርማ ስንመርጥ የምንጠይቀው ስንት ሊትር እንደሚያስገኝ ብቻ ነው። ይህ ልክ አይመስለኝም።

ወደ ቫይረሱ ልምጣ። የዘር መረጃው 151,000 ያህል ፊደላት አሉት። ከበግና ከፍየል ፈንጣጣ ቫይረሶች ጋር 97 በመቶ ይመሳሰላል። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም፦ በጉርብርቡ ቫይረስ ውስጥ ያልተነኩ ዘጠኝ ጂኖች በበግና በፍየሉ ቫይረስ ውስጥ ተበላሽተው ይገኛሉ። ቫይረሱ ከብትን እንዲያጠቃ የሚያግዙት እነዚህ ሳይሆኑ አይቀሩም።

መመሳሰሉ ለክትባት ጠቅሞናል፤ አንዱ ለሌላው መከላከያ ይሆናልና። ግን እዚህ ላይ አንድ ጉድ አለ። ኬንያ ውስጥ ከበግና ከፍየል ተወስደው ለዓመታት «የበግና ፍየል ፈንጣጣ» እየተባሉ በክትባትነት ያገለገሉት ዝርያዎች፣ ዘረመላቸው ሲነበብ የጉርብርብ ቫይረስ ሆነው ተገኙ። በእኛም አገር የተከተበ ከብት መታመሙ እናንተን ያስመረረ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ በኢትዮጵያ ሦስት ክትባቶችን ያወዳደረ ጥናት ላይ ጎርጋን የተባለው የፍየል ፈንጣጣ ዝርያ ከብቶቹን ሲጠብቅ ሌሎቹ ሁለቱ ሳይጠብቁ ቀሩ። ስለዚህ ክትባቱ አልያዘም ተብሎ ሲነገረን ጥፋቱን ሁሉ ወደ በረዶ ሣጥኑና ወደ ከታቢው መግፋት የለብንም። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ዝርያ ራሱ ይጠየቅ።

እንክብካቤ የጎደለው ክትባት ደግሞ ከዚህም ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሩሲያ ውስጥ፣ በኋላም በቻይናና በቬትናም የተገኙት የጉርብርብ ቫይረሶች የክትባት ዝርያና የሜዳ ዝርያ፣ ማለትም በከብቶች መካከል በተፈጥሮ የሚዛመተው፣ ቅልቅል ነበሩ። ሁለት ዝርያ አንድ ሕዋስ ውስጥ ከተገናኘ ዘር ይለዋወጣል፤ የፈንጣጣ ቫይረሶች ጠባይ ነው።

ጉርብርብ ሰውን አይዝም። በፈንጣጣ ቫይረሶች ቤተሰብ የሩቅ ዘመዱ የሆነው ኤም ፖክስ (የዝንጀሮ ፈንጣጣ) ግን ይይዛል፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ሞያሌ ላይ በአገራችን መገኘቱን ሰምታችኋል። እሱም ቢሆን ሁለት ዋና የዘር ሐረጎች አሉት፤ የመካከለኛው አፍሪካው ከምዕራብ አፍሪካው ይልቅ ገዳይ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለምን ያዳረሰው ግን ቀለል የሚለው የምዕራቡ ነበር። ብዙ የሚዛመተውና ብዙ የሚገድለው ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አዳቃዮች፣ የውጭ ደም ይዛችሁ በረት ስትገቡ ላሟ መቼ እንደተከተበች ጠይቃችሁ በመዝገባችሁ ጻፉ፤ ጥጃዋ እናቷ የማታውቀውን ስጋት ይዛ ነው የምትወለደው። አርቢዎች፣ የተከተበች ላም ጉርብርብ ካወጣች ዝም ብላችሁ አትሽጧት፤ ለወረዳው ሐኪም አሳውቁ፣ ከእብጠቱ ቅርፊት ተወስዶ ላቦራቶሪ ይላክና የሜዳው ይሁን የክትባቱ ዝርያ ይለይ። የቅርፊቱን አወሳሰድ ከሻይ በኋላ በተግባር አሳያችኋለሁ፤ ጓንት ይዤ መጥቻለሁ።