መርከቧን ልጆቹ ያስምጧት

ውድ ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ለቅዳሜ የልጆች ፕሮግራም ያሰብነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው የቆምኩት። ረጅም አላወራም፣ ቡናው እየቀዘቀዘ ነው።

እዚህ ስቶክሆልም የምንኖር ሰዎች የቫሳን፣ የድሮዋን የስዊድን የጦር መርከብ፣ ሙዚየም እናውቀዋለን። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ይዘነው የምንሄደው እዚያ አይደል? ልጆቻችንም መርከቧን አይተዋታል። ግን እንዴት? «አትንካ፣ አትሩጥ፣ ና ፎቶ ተነሳ» እያልናቸው። መንካት አይቻልም፣ እውነት ነው። 333 ዓመት ባሕር ሥር ቆይታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 የወጣች እንጨት ናት። ስለዚህ የሚነካውን እኛ እናዘጋጅ አልን።

ጠዋት እዚሁ አዳራሽ ሳፋ እንደረድራለን። እያንዳንዱ ልጅ ባዶ የእርጎ ዕቃ ከነክዳኑ ይሰጠዋል። ሳንቲሞቹን ከውስጥ፣ ከሥር ካደረገ ዕቃው ረግቶ ይንሳፈፋል። ያንኑ ሳንቲም ክዳኑ ላይ ከከመረው ግን እፍ ቢሉበት ይገለበጣል።

ቫሳም የሆነችው ይኸው ነው። 64 መድፍ ተሸክማ ላይዋ ከበደ፤ ከሥር የተጫነው 120 ቶን ገደማ ድንጋይ አላረጋትም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 10 ቀን 1628 ጉዞ ጀመረች። 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደች ነፋስ ገፋ አደረጋት። ዘመመች፣ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ውሃ ገባ፣ አለቀ። ወደ 30 ሰው ሞተ።

የሚገርመው፣ ቀድሞ ተሞክራ ነበር። 30 ሰዎች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየሮጡ ሲያወዛውዟት፣ ሦስት ጊዜ እንደተመላለሱ ልትገለበጥ ነው ተብሎ ሩጫው ቆመ። ከዚያስ? ምንም። ንጉሡ ጦርነት ላይ ነበር፣ ቶሎ በሉ ይላል። ሩጫውን ልጆቹ ሜዳ ላይ ይሮጡታል። ሙዚየም ውስጥ ግን አደራ!

እኔ በጣም የምወደው የክንዱን ጨዋታ ነው። መርከቧ ውስጥ የሠሯት አናጢዎች አራት የርዝመት መለኪያዎች ተገኝተዋል። ሁለቱ በስዊድን ጫማ፣ ባለ 12 ኢንች ናቸው። ሁለቱ ደግሞ በአምስተርዳም ጫማ፣ ባለ 11። አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ እየለካ ቢሠራ፣ የመርከቧ ግራና ቀኝ እኩል አለመሆኑ ምን ይገርማል? ይህን ለልጅ በቃል ከማስረዳት በክንድ ማሳየት ይቀላል። አባት አምስት ክንድ ገመድ ይለካል፣ ልጅም በራሱ ክንድ አምስት። ከዚያ ጎን ለጎን ይዘረጉታል። ድሮ ጨርቅ በክንድ ሲሸጥ፣ ክንደ ረጅም ሰው ይዞ ገበያ መውጣት ለምን እንደሚበጅም ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

ከሰዓት ሙዚየም እንገባለን። የመድፉን ፎቅ አስመስለው የሠሩት ክፍል ስላለ እዚያ ገብተው ይዩ።

አንድ ልመና አለኝ። ልጁ ሲሳሳት አታርሙት። ባለፈው ቤት ስንሞክረው ልጄ ሳንቲሙን ሁሉ ክዳኑ ላይ ከመረችው። ላስተካክል እጄን ስዘረጋ «ተይ እማዬ! ስትሰምጥ ማየት እፈልጋለሁ» አለችኝ።

ሙዚየሙ ለልጆች ነፃ ነው፤ የራሳችሁን እናንተው ትችላላችሁ። ሳፋና የእርጎ ዕቃ በእኛ። ፎጣና ቅያሪ ልብስ ግን ከቤት ይዛችሁ ኑ፣ ሳይረጥብ የሚመለስ ልጅ የለም።

አመሰግናለሁ።