አዳማ ቆላ ናት? ኦሮሚያን በሚኒባስ መስኮት

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? ዛሬ የምናወራው ስለ ኦሮሚያ ነው። ስለ ደጋዋ፣ ስለ ቆላዋ፣ ስለ ጫካዋ፣ ስለ ሜዳዋ። ካርታውን አዘጋጅቻለሁ። ግን ካርታው ይቆየን። መጀመሪያ ሚኒባስ ውስጥ እንግባ።

ከአዳማ መናኸሪያ የአሰላ መኪና ያዝን እንበል። ሰዓቱ ቀን ስድስት። መኪናው ሳይሞላ አይወጣም፣ ታውቁታላችሁ። ጣሪያው ግሏል። ከኋላ አንድ እናት "ኧረ ልጄ ታፈንን፣ መስኮቱን ክፈተው" ይላሉ። መስኮቱ ተከፈተ። ይቺን መስኮት ያዙልኝ።

አዋሽ መልካሳ ደረስን። መስኮቱ ክፍት ነው። ደራን አለፍን። ዳር ዳሩ ግራር ነው፣ መስኮቱም ክፍት ነው። ከዚያ መንገዱ ሽቅብ ይላል። ሞተሩ ድምፁን ይቀይራል። ግራሩ እየሳሳ ይሄድና የስንዴ ማሳ ይመጣል። ኢተያ ስንደርስ እኚያው እናት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ምን ይላሉ? "ልጄ፣ ነፋሱ መታን፣ ዝጋው እስቲ!" መስኮቱ ተዘጋ። አሰላ ስንገባ ሰው ሁሉ ጃኬት ለብሷል፣ የሚወራውም ስለ ገብስ ነው። ሰዓት ተኩል የማይሞላ መንገድ እኮ ነው!

እኔ ይቺን መስኮት በጣም ነው የምወዳት። በመንገዱ ላይ "እዚህ ጋ ወይና ደጋ አለቀ" የሚል ታፔላ የለም። መስኮቷ ግን ትነግራችኋለች። ተከፈተች፣ ተዘጋች። ክረምት ከበጋ ያው ናት።

አሁን ቁጥሩን ቶሎ ቶሎ እንበለው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር አለፍ ብላ ነው ያለችው። አሰላ ከ2,400 ትንሽ ትበልጣለች። ልዩነቱ ወደ 800 ሜትር ነው። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አባዙት፣ 5 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል። ጋቢዋን ያሳበችው ይቺ 5 ዲግሪ ናት። ክፍፍሉን ደግሞ ከትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ። ከ500 ሜትር በታች በረሃ፣ እስከ 1,500 ቆላ፣ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። በኦሮምኛ ደጋው በዳ፣ ወይና ደጋው በዳ ዳሬ፣ ቆላው ገሞጂ ነው። በቃ፣ ይሄው ነው።

ወደ ምዕራብ ልወስዳችሁ ነበር። ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ባለፈው ቪዲዮ "አዳማ ወይና ደጋ ናት" ብዬ ነበር። ኮሜንቱ ተጥለቀለቀ! "አዳማ ኖረህ ታውቃለህ?" "በሚያዝያ ና እስቲ!" "አዳማ ወይና ደጋ ከሆነች ቆላ የት ነው?" አንዱ እንዲያውም "ናዝሬት ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ ቆላ ናት፣ አለቀ" ብሏል። ወንድሜ፣ አላለቀም። በደንብ እናውራው።

ቆላ የት ነው ላላችሁ፣ ቅርብ ነው። በድሬዳዋ መንገድ ወደ መተሐራ ውረዱ። ከፍታው 1,000 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሸንኮራው፣ ግመሉ፣ ቁጥቋጦው፣ ቆላ ማለት እሱ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት እዚያ ዋሉና ማታ ወደ አዳማ ተመለሱ። "እፎይ" ትላላችሁ።

ሁለተኛ፣ የአዳማን ዙሪያ ገበሬ ጠይቁ። ምን ዘራህ? ጤፍ። የቆላ ገበሬ እንደዚህ በልበ ሙሉነት ጤፍ አይዘራም። ሦስተኛ፣ ስሙን ራሱን ስሙት። ወይና ደጋ። ወይን ያለበት ደጋ ማለት ነው ይባላል። ባቱ፣ ማለትም ዝዋይ፣ ሐይቁ ዳር የወይን እርሻ አለ አይደል? የባቱ ከፍታ ከአዳማ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል!

እሺ፣ ታዲያ ሙቀቱ ከየት መጣ? ይሄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ሙቀቱንም ማንም አይክድም። አዳማ የተቀመጠችው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከወዲህም ከወዲያም ደጋ አለ። ዝናብ ያዘለ አየር ደጋው ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ውሃውን እዚያው ያራግፋል። ወደ እኛ ሲወርድ ደርቆ፣ እንደገና ሞቆ ነው። አቧራውና ነፋሱ ደግሞ አለ። ከከተማው በላይ ያ ሁሉ የነፋስ ተርባይን ዝም ብሎ አልተተከለም።

አሁን የዛሬውን ቪዲዮ የሠራሁበት ነገር ላይ ደረስን። ጅማና ያቤሎ። ሁለቱም ከ1,700 ሜትር በላይ፣ ከ1,900 በታች ናቸው። በከፍታ ብቻ ከሄድን ሁለቱም ወይና ደጋ ናቸው፣ ከአዳማ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማሩት። ግን ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ያቤሎ የዚያን ግማሽ አትሞላም። አንዷ ዙሪያዋን ቡና ናት፣ ሌላዋ ግራርና ከብት። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ከፍታን ብቻውን አያዩትም፣ ዝናቡን አብረው ያያሉ። በዓመት ከ900 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ደረቅ፣ ከ1,400 በላይ ከሆነ በጣም እርጥብ ይሉታል። አዳማ 800 አካባቢ ናት። ደረቅ ወይና ደጋ! ሰምታችኋል? "ወይና ደጋ" ያልኩት እኔም፣ "ትሞቃለች፣ ትደርቃለች" ያላችሁት እናንተም አልተሳሳትንም። በኔ አስተያየት ልጆቻችን ሲማሩ ሁለቱን ቃል አንድ ላይ መማር አለባቸው። ባለ አምስት ቀለሙ ካርታ ብቻውን ጅማንና ያቤሎን አንድ ቀለም ይቀባቸዋል።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ ይሄ ጥሩ ቦታ ነው። አድርጉና እንቀጥል።

ምዕራቡን ፈጠን እንበል። የክረምቱ እርጥብ አየር በብዛት ከደቡብ ምዕራብ ነው የሚመጣው፣ ኢሉ አባቦርን ቀድሞ ያገኛታል። ለዚህ ነው እዚያ ያ ሁሉ ጫካ ያለው። ያዩ የሚባለው ቦታ ላይ ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። ዩኔስኮ በ2010 እንደ ፈረንጆቹ የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ምሥራቁን፣ ሐረርጌን፣ ለብቻው እሠራዋለሁ። ቃል ነው።

ቦረና ግን የራሱ ሰዓት አለው። እኛ በሐምሌ ስንበሰብስ ቦረና ደረቅ ነው። የእነሱ ዝናብ ሁለቴ ይመጣል። ዋናው በበልግ፣ ገና ይሉታል፣ ከገና በዓል ጋር እንዳታምታቱት። ሌላው በጥቅምትና ኅዳር የሚጥለው ሐገያ ነው። ሁለቱም ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ነው የሚመጡት። እንደ ፈረንጆቹ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ ምን እንደሆነ አይተናል። ከብቱ አለቀ። ያ ሕዝብ ደግሞ ውሃ ማክበር ያውቃል። ከጥልቁ ኤላ፣ ማለትም ከውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ቆሞ፣ እየዘፈነ፣ ባልዲ እየተቀባበለ ነው ከብቱን የሚያጠጣው።

አሁን ወደ መኪናችን እንመለስ፣ አሰላ ላይ ትተነው ነበር። በቆጂን አለፍን፣ የእነ ደራርቱና የእነ ቀነኒሳ አገር። መስኮቱ ዝግ ነው። ዲንሾ ደረስን፣ ደጋ አጋዘን ሜዳው ላይ ቆሟል። ዝግ ነው። ከጎባ ወደ ሰነቴ ወጣን፣ 4,000 ሜትር። መስኮቱን የሚነካው ሰው የለም! ዛፍ የለም፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ብቻ ቆሞ ያያችኋል። የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ሆኖ ከጎናችሁ ነው። መሬቱን ዝም ብላችሁ እዩት። ፍልፈል ብቅ ይላል፣ ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ ውጪ በዓለም ላይ የለም። ቀይ ቀበሮ እሱን ይጠብቃል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች በመቶዎች ነው የሚቆጠሩት፣ ከግማሽ በላዩ እዚህ ነው። የሚፈጃቸው አንዱ በሽታ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የባሌ ልጆች፣ እባካችሁ ውሻ አስከትቡ።

ከዚያ የሀረና ጫካ ይጀምራል። መንገዱ ቁልቁል ይጠመዘዛል። መጀመሪያ አስታ፣ ከዚያ ጉም የለበሰ ኮሶ፣ ከዚያ ቀርከሃ፣ ከዚያ የጫካ ቡና። ዶሎ መና ስትደርሱ ከ1,500 ሜትር በታች ናችሁ፣ ከውርጭ ወደ ቆላ በግማሽ ቀን! ጋቢው ጭን ላይ ወርዷል። ከኋላም ያ ድምፅ ይመጣል፦ "ኧረ ልጄ ታፈንን፣ መስኮቱን ክፈተው!"

የናንተ መንገድ ላይ መስኮቱ የት ጋ ነው የሚዘጋው? የከተማውን ስም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ከፍታውን እኔ እፈልገዋለሁ። ቻው!