ርዕሱ የት ላይ ያበቃል?

እንደምን አደራችሁ፣ መመረቂያ ጽሑፍ የጀመራችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ!

አንድ ዓረፍተ ነገር ላንብብላችሁ። «ጉዳዩ በአዲስ ዘመን በስፋት ተጽፎበታል።» ምን ገባችሁ? አንዳንዶቻችሁ ጋዜጣውን አሰባችሁ። ሌሎቻችሁ ዓመት የተለወጠ መሰላችሁ። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ጸሐፊው ርዕሱን ሳይለይ ስለተወው ነው።

እንግሊዝኛ ትልቅ ፊደል ስላለው ስም ከሩቅ ይታወቃል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ለርዕስ የምናደርገው ምልክት ለእኛ ጌጥ አይደለም፤ አንባቢው ሌላ መያዣ የለውም።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። «ጦቢያ» የሚለው መጠሪያ በኋላ የመጣ ነው። ዛሬ ደግሞ ልብ ወለድ የዘርፉ ስም ሆኗል። ታዲያ ያለ ምልክት፣ አፈወርቅ ልብ ወለድ ታሪክ ጻፉ ብትሉ የጠቀሳችሁት መጽሐፉን ነው ወይስ ዘርፉን? ስለ ሥነ ጽሑፋችን ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የተለመደው ደንብ ቀላል ነው። ራሱን ችሎ የወጣ ሥራ፣ ማለትም መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ መጽሔት ወይም ፊልም፣ በኢታሊክ፣ ማለትም በተዘመመ ፊደል፣ ይጻፋል። በውስጡ ያለው ምዕራፍ፣ መጣጥፍ ወይም አጭር ግጥም በትምህርተ ጥቅስ ይገባል። ኤምኤልኤና ቺካጎ የተባሉት የውጭ የአጻጻፍ መመሪያዎች በዚህ ይስማማሉ። ኤፒኤ የተባለው ሌላው መመሪያ ግን በዋቢ ዝርዝር ውስጥ ለመጣጥፍ ርዕስ ትምህርተ ጥቅስ አያደርግም። መጽሐፍ ቅዱስና ቁርኣን በስማቸው ሲጠሩ ምልክት አያሻቸውም።

ኢታሊክ ግን የላቲን ፊደል ልጅ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ቅዱሳን ስሞችን በቀይ ቀለም ይለዩ ነበር እንጂ ፊደል አላዘመሙም። ኮምፒዩተሩ የግዕዝን ፊደል ገፋ አድርጎ ሲያዘነብለው ብዙ ጊዜ ያስጠላል፤ ለዓይንም ይከብዳል። በአማርኛ ስትጽፉ ለመጽሐፍም ለመጣጥፍም «» ብትጠቀሙ እኔ አልቃወምም። ብቻ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ይሁን።

አሁን ወደሚያስቸግረን ልምጣ። የውጭ መመሪያዎች ይህን አይነግሯችሁም፣ ምክንያቱም ችግሩ የቋንቋችን ነው። በ፣ ከ፣ የ፣ ለ ከቃሉ ጋር ይጣበቃሉ። ከምልክቱ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ የሚገቡት? ውጭ! በ«ፍቅር እስከ መቃብር» እንጂ «በፍቅር እስከ መቃብር» አይደለም። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ላሳተሙት መጽሐፍ ያወጡለት ስም በ «ፍ» ይጀምራል። የመጨረሻዋ «ን»ም እንደዚያው ናት፤ «ኦሮማይ»ን አነበብኩ ይባላል። «ኦሮማይን» ብላችሁ ከዘጋችሁ፣ መጽሐፉን የማያውቅ አንባቢ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ በተሳሳተ ስም ይፈልጋል።

በጣም የሚፈትነው የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ነው። ርዕሱ ራሱ በ«ከ» ይጀምራል። ከእሱ ስትጠቅሱ ሁለት «ከ» ይደረደራሉ። ብዙ ተማሪ አንዷን ይጥላታል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ጥያታለሁ። ከሁለቱ የትኛዋን እንደጣልን ግን አንባቢው አያውቅም። ካስጠላችሁ መንገድ አለ፦ «ከአድማስ ባሻገር» ከተሰኘው ልብ ወለድ የተወሰደ፣ በሉ። ርዕሱ ሳይነካ «ከ» ቦታዋን ታገኛለች።

አንድ ነገር ልጨምር። የሽፋኑን ፊደል አታርሙ። ደራሲው በ«ፀ» የጻፈውን በ«ጸ» አትለውጡ፣ ለእናንተ ትክክሉ ያ ቢመስላችሁም። ስሙን ያወጣው እሱ ነው።

አሁን ረቂቆቻችሁን አውጡ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ገጾች እያያችሁ ርዕሶቹን በእርሳስ ክበቡ። ከሻይ በኋላ አብረን እናያቸዋለን።