ተናግሮ ዝም ማለት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት ንግግር መሀል ስለሚገባ ዝምታ ነው።

ሥራ ልትቀጠሩ ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጣችኋል እንበል። «ደሞዝ ስንት ትጠብቃለህ?» ተባላችሁ። በደንብ ተዘጋጅታችሁበታል። «40 ሺህ ብር» አላችሁ። ጠያቂው አጎንብሶ ይጽፋል። ቀና አይልም። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት ሰከንድ፣ ሦስት። ከዚያ አፋችሁ በራሱ ጊዜ ይከፈታል። «ግን ያው... በድርጅቱ ስኬል መሠረት መነጋገር እንችላለን።» ማንም ሳይከራከራችሁ ዋጋችሁን ራሳችሁ አወረዳችሁት። ሰውዬው እኮ እየጻፈ ነበር!

በቅርቡ አንዲት ጓደኛዬ እንዲህ ላለ ቃለ መጠይቅ ስትዘጋጅ አብሬያት ተለማመድኩ። ካፌ ቁጭ ብለን እኔ እጠይቃለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። ቁጥሩን ስትናገር ድምጿ ጥርት ያለ ነው። ችግሩ ከቁጥሩ በኋላ ነው። እጇ ወደ ማኪያቶው ይሄዳል፣ ፈገግ ትላለች፣ «ማለቴ...» ብላ ትጀምራለች። ብዙ ምክር አልሰጠኋትም። ቁጥሩን ተናገሪ፣ ከንፈርሽን ግጠሚ፣ በአፍንጫሽ ተንፍሺ፣ አይኑን እዪው። በቃ።

ቀላል ይመስላል፣ ግን ይከብዳል። የሚከብድበትም ምክንያት አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. በ10 ቋንቋዎች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። የሰከንድ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። አማርኛ ከአሥሩ ውስጥ የለም፤ የእኛ ጨዋታ ግን ከዚያ የሚዘገይ አይመስለኝም። ጆሯችን እንዲህ ያለ ፍጥነት ለምዶ ሦስት ሰከንድ ዝም ሲባል፣ የሆነ ነገር የተበላሸ ይመስለናል። ስለዚህ «እ...» እንላለን፣ «ምን ይባላል» እንላለን፣ «እንትን» እንላለን። ተራችንን እንዳንነጠቅ ቦታ መያዣ ነው።

አማርኛ ደግሞ ለቸኮለ ሰው የራሱ ፈተና አለው። ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ «ሄጄ፣ አይቼ፣ ጠይቄ፣ ነግረውኝ፣ ተመልሼ...» እያሉ መቀጠል ይቻላል። የፈራ ሰው ዓረፍተ ነገሩን መዝጋት አይፈልግም፤ ከዘጋው ዝምታ ይመጣላ! አድማጭ ግን ማሰሪያው እስኪመጣ ሁሉንም ተሸክሞ ነው የሚጠብቀው፤ ይደክመዋል። ስለዚህ ዝጉት። «ሄድኩ። አየሁ። ጠየቅኩ።» እረፍቱ ከማሰሪያው በኋላ ይሁን። እናንተም ትተነፍሳላችሁ፣ ሰሚውም የሰማውን ቦታ ቦታ ያስይዛል።

አንድ ሌላ ቦታም አለ፤ እሱን ቆጥባችሁ ተጠቀሙበት። «ይህን ውል በዚህ ዋጋ...» ብላችሁ ቆም በሉ። እንቀበላለን ይሁን አንቀበልም፣ በአማርኛ የሚታወቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። ስልኩን ሲነካካ የነበረው ሁሉ ቀና ይላል።

ዝም ስል የረሳሁ ይመስልብኛል የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ልዩነቱ አይን ላይ ነው። ጣሪያ እያያችሁ ዝም ካላችሁ፣ አዎ፣ የጠፋችሁ ትመስላላችሁ። ሰዉን እያያችሁ ዝም ካላችሁ ግን ሰዉ ይጠብቃችኋል። ስልክና ዙም ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ዝም ስትሉ «ሃሎ? እየተሰማማን ነው?» ይመጣል። አሳጥሩት።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁሌ የሚመጣብኝ ጄኔቭ ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.። አገራቸው በፋሺስት ጣሊያን ተወርራ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ሊናገሩ ቆሙ። ጣሊያናውያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው ያፏጩና ይሳደቡ ጀመር። ስለ ዘመነ መንግሥታቸው የየራሳችን አመለካከት ይኖረናል፤ የዚያን ቀኑ አቋማቸው ግን ያስደንቀኛል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጩኸቱን ለመብለጥ አልሞከሩም። ረባሾቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ጀመሩ። ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው እየቻሉ በአማርኛ ተናገሩ። ሳይናገሩ ያለፉት ያ ጊዜ አዳራሹን ለንግግሩ ያዘጋጀው ይመስለኛል።

የምታነቡት ጽሑፍ ካላችሁ አትሙት። በየአራት ነጥቡ ላይ በእስክሪብቶ አንድ ጭረት አድርጉ። እንዲያዝላችሁ የምትፈልጉት ቁጥር ወይም ስም ጋ ሁለት ጭረት። መድረክ ላይ ስትደነግጡ ያ ጭረት ያስቆማችኋል።

ደግሞ የሌላውን ሰው ዝምታም አንርሳ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ የአስተማሪዎችን ጥያቄ አጥንታ ነበር። አስተማሪዎቹ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲያደርጉት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ብለው የሚያልፉትም ቀነሱ፣ ሳይጠሩ በራሳቸው የሚመልሱት በዙ። ልጆቹ ያው ናቸው፤ የተጨመረው ጊዜ ነው። የእኛን ስብሰባዎች አስቡ። አዲስ የተቀጠረችው ልጅ አፏን ስትከፍት አለቃው ይቀድማታል፤ ከዚያ «ምነው ዝም አልሽ?» ትባላለች።

እስቲ በዚህ ሳምንት ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁና በልባችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ። ማን እንደተናገረ ጻፉልኝ፤ በተለይ ከዚህ በፊት ተናግሮ የማያውቅ ሰው ከሆነ። ሳምንት እንገናኝ፣ ቻው።