መጀመሪያ ንግግሩ ይሰማ፦ በሲኒማ ቤቶች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የአዳራሽ ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች፣ ፕሮጀክተር ክፍል ውስጥ የምታመሹ ኦፕሬተሮች፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንኳን ወደ ደሴ በደህና መጣችሁ።

ስለ ግብር፣ ስለ ኪራይና ከፊልም ባለቤቶች ጋር ስለምንካፈለው ገቢ የምንነጋገረው ብዙ ነው፤ ሁሉም በአጀንዳው ላይ ተቀምጧል። እኔ የማነሳው ተመልካቹ ትኬት ቆርጦ ከተቀመጠ በኋላ የሚያገኘውን ነገር ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ የምሽቱ ሰዓት ወደ ሳሎን ገብቷል። በ2012 ኮሮና ደጃችንን ዘጋው፤ በ2014 ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ጎዳ። አሁን ደግሞ ወጣቱ ፊልሙን በስልኩ ያየዋል። በእነዚህ ላይ ምንም ማድረግ አንችልም። በአዳራሻችን ውስጥ ባለው ላይ ግን እንችላለን፤ እዚያ ያለው ጉድለት ደግሞ አብዛኛው በማጽዳት፣ በመለካትና በማስተካከል የሚቃና ነው። ለአዲስ ፕሮጀክተር ባንክ ደጅ ከመጥናታችን በፊት በእጃችን ያለው የሚችለውን ያህል እየሠራ እንደሆነ እንወቅ። አቋሜ ይኸው ነው።

ከድምፅ ልጀምር። ገንዘብ ሲገኝ ቀድሞ የሚታሰበው ምስል ነው፤ እኔ ግን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለኛል። ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል። ተዋናይዋ ያለችውን ካልሰማ ግን ጎኑ ያለውን «ምን አለች?» ይላል፤ ያ ሲመልስለት ሁለቱም ቀጣዩን ያጡታል፤ ኋላ ያሉት «ዝም በሉ!» ይላሉ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አዳራሹ ሰኞ ገበያን ይሆናል።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ፊልሙን ከምናጫውትበት ላፕቶፕ ነው። ፊልሙ በ5.1፣ ማለትም በስድስት ቻናል (የድምፅ መስመር) በተከፈለ ድምፅ፣ ተሠርቶ ሲመጣ ንግግሩ በአብዛኛው የተቀመጠው መሃለኛው ቻናል ላይ ነው። ላፕቶፑ ግራና ቀኝ ብቻ የሚያወጣ ከሆነና የማጫወቻው ፕሮግራም መሃለኛውን ወደ ሁለቱ ካልቀላቀለው፣ ሙዚቃው አዳራሹን ያናውጣል፣ ንግግሩ ከጉድጓድ የሚወጣ ያህል ይርቃል። ኦፕሬተሩ ድምፅ ይጨምራል፣ ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል፤ ይቀንሳል፣ ንግግሩ ይጠፋል። ፊልሙ እስኪያልቅ ቁልፍ ሲያሽከረክር ያመሻል። መፍትሔው በማጫወቻው የድምፅ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ወደ ስቴሪዮ፣ ማለትም ወደ ግራና ቀኝ ብቻ፣ እንዲቀላቅል ማዘዝ ነው፤ መሃለኛው በ3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ተቀንሶ ለግራም ለቀኝም እኩል ይገባል። ሥራው ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው፤ ወጪ የለውም።

ከዚህ የሚሻለው እውነተኛ መሃለኛ ስፒከር መትከል ነው። ከሁለት ስፒከር ብቻ የሚወጣ ንግግር ከተዋናዩ አፍ የወጣ የሚመስለው መሃል ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ግራ ጥግ ያለው ሁሉንም ከግራ ይሰማዋል። መሃለኛው ስፒከር ከስክሪኑ ጀርባ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው የላይኛው ቀንዱ ከስክሪኑ ቁመት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ላይ ሆኖ ይቆማል። ለዚህ ስክሪኑ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት። ባነር ቤት አሰፍተን የምንሰቅለው ድፍን ፕላስቲክ ቀጫጭኑን ድምፅ ያፍነዋል፤ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ጸ»፣ «ፈ» ይበላሉ። ሰው «ይሰማል ግን አይገባም» ሲል ይህን ማለቱ ነው። ድፍኑን መቀየር ካልተቻለ ስፒከሩ ከስክሪኑ በታች መሃል ላይ ይቀመጥና ወደ ኋለኛው ረድፍ ጆሮ ቀና ይበል።

መጠኑን በጆሮ አንገምት። ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን ወጥ ሹክሹክታ ከፋይል አጫውቶ፣ የድምፅ መለኪያውን «ሲ» (C) በሚለው ምርጫ ላይ አድርጎ፣ ከስክሪኑ ወደ ኋላ የአዳራሹን ሁለት ሦስተኛ ሄዶ መለካት ነው። በሲኒማ ልምድ እያንዳንዱ የፊት ስፒከር ለብቻው 85 ዴሲቤል ላይ ይስተካከላል፤ ትንንሽ አዳራሽ ላይ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ይላል። ከዚያ ቁልፉ ላይ ምልክት ይደረግበትና ማንም እንዳይነካው።

ይህን ሁሉ አድርገን ግድግዳው ልስን፣ ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ድምፁ ይመላለሳል። ባዶ አዳራሽ መሃል ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው እየተንቀጠቀጠ ከተመለሰ ችግሩ እዚያ ነው። መጀመሪያ መሸፈን ያለበት ድምፁን ወደ ፊት የሚመልሰው የኋላ ግድግዳ ነው። መጋረጃው ወፍራም ሆኖ የግድግዳውን ወርድ እጥፍ ይሁን፣ ተጨማድዶ ይሰቀል፣ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ተወጥሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስስ ጨርቅ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው፤ ወፍራሙ ማጉረምረሙን ይቀጥላል። ጨርቅ ከሚያመርት ከተማ አጠገብ ተቀምጠን በዚህ መቸገር የለብንም! አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር፦ የፍራሽ ስፖንጅ ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ በደቂቃዎች ሰው ይገድላል። የእንቁላል ካርቶንም ይነዳል፣ ድምፅ የመዋጥ አቅሙም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ወደ ምስሉ እንምጣ። ለሲኒማ የተቀመጠው የብርሃን ልክ በስክሪኑ መሃል 48 ካንዴላ በካሬ ሜትር ነው፤ ይህ ከስክሪኑ ወደ ዓይን የሚመለሰው ብርሃን ልክ ነው። ይህን የሚለካው መሣሪያ ውድ ስለሆነ አቋራጭ አለ፦ ሙሉ ነጭ ምስል አብርቶ፣ ርካሹን የሉክስ (ስክሪኑ ላይ የሚያርፈው ብርሃን) መለኪያ ስክሪኑ ላይ አስጠግቶ ፊቱን ወደ ፕሮጀክተሩ ማዞር። ስክሪኑ ተራ ነጭ ከሆነ መሃሉ ላይ 150 ሉክስ ገደማ ማንበብ አለበት። ጥጎቹም ከመሃሉ ሦስት አራተኛ በታች አይውረዱ።

ስክሪን ማስፋት የምትወዱ ይህን አስሉ። ወርዱ 6 ሜትር በሆነ 16 በ9 (ወርድ በቁመት) ስክሪን ላይ 150 ሉክስ ለማግኘት 3,000 ሉመን (የፕሮጀክተሩ ጠቅላላ ብርሃን መለኪያ) ገደማ ስክሪኑ ላይ መድረስ አለበት። ወርዱ 8 ሜትር ሲሆን 5,400 ይፈልጋል። «ትልቅ ስክሪን» ብለን ማስታወቂያ ለጥፈን ፕሮጀክተሩን ሳንቀይር ከቀረን ተመልካቹ ያገኘው ትልቅ ጨለማ ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሉመንም ሁሉ ስክሪኑ ላይ አይደርስም። የፕሮጀክተሩ አምፖል ዕድሜ ተብሎ የሚጻፈው ሰዓት ብርሃኑ ግማሽ የሚሆንበት ነው። ፕሮጀክተር ክፍሉ ላይ የገጠምነው ተራ የመስኮት መስታወት ብቻውን 8 ከመቶ ገደማ ይወስዳል። በሰፊው የሲኒማ ቅርጽ የተሠራ ፊልም ላይና ታች ጥቁር መስመር ይዞ ሲመጣ ደግሞ ሩቡ ብርሃን እዚያ ጥቁር ላይ ይባክናል።

ፕሮጀክተሩን አጥፍታችሁ፣ የመውጫውን መብራት እንደበራ ትታችሁ መለኪያውን እዚያው አንብቡ። ዜሮ አካባቢ ይሁን። 3 ሉክስ እንኳ ቢሾልክ ነጩ ከጥቁሩ በ50 እጥፍ እንኳ አይበልጥም፤ የሌሊቱ ትዕይንት ግራጫ ይሆናል። የመውጫ መብራት ማጥፋት ግን ክልክል ነው፤ መብራቱን ወደ ወለል አዙሩት፤ በስክሪኑ ዙሪያ ያለውን ግድግዳና ጣሪያም ጥቁር በማያብረቀርቅ ቀለም ቀቡት። ነጭ ጣሪያ የፊልሙን ብርሃን መልሶ ስክሪኑ ላይ ይደፋዋል።

ኦፕሬተሮችን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ፊልሙ በሰከንድ 25 ምስል ሆኖ ላፕቶፑ በ60 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል እያደሰ፣ ከወጣ ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር ምስሉ ይንገጫገጫል። 25 ለሆነው 50 ሄርዝ፣ 24 ለሆነው 24 ወይም 48 ምረጡ። የቴሌግራም መልእክት በስክሪኑ ጥግ ብቅ እንዳይል ኢንተርኔቱን ማጥፋትም አይረሳ፤ ይህን መናገር ባያስፈልግ ደስ ባለኝ።

ሌላ ቦታ የማይነሳ፣ ለእኛ ግን የግድ የሆነ ጉዳይ አለ፤ ከፍታው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ናቸው። በደሴ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ያህል ስስ ነው፤ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ በተለመደው ፍጥነቱ ሙቀቱን አያወጣም። ብዙዎቹ ፕሮጀክተሮች ከ1,500 ሜትር በላይ እንዲበራ የተሠራ የከፍታ ቦታ ምርጫ በሜኑአቸው ውስጥ አላቸው። ሁለቱም ከተሞች ከዚያ በላይ ናቸውና ሁላችንም ማብራት አለብን። ካልበራ አምፖሉ ቶሎ ይደክማል፣ አንዳንዴም ማሽኑ ፊልሙ መሃል ላይ ራሱን ያጠፋል። ሲበራ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ስለዚህ ፕሮጀክተሩ ከተመልካች በመስታወት ይለይ እንጂ መግቢያና መውጫ አየር በሌለው ሳጥን አይታፈን። የአየር ፊልተሩ በየሳምንቱ ይጽዳ።

ጄኔሬተርም እንዲሁ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከአቅሙ 1 ከመቶ ገደማ ያጣል። 10 ኬቪኤ (የጄኔሬተር አቅም መለኪያ) ተብሎ የተገዛው ደሴ ላይ 7.5 ገደማ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያለውን ክፍተት ዩፒኤስ የሚባለው ባትሪ ይሸፍን፤ ፕሮጀክተሩን፣ ላፕቶፑንና የድምፅ ፕሮሰሰሩን ብቻ ይያዝ፣ አምፕሊፋየሩ ይቆይ። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር በድንገት ጠፍቶ ማራገቢያው ከቆመ አምፖሉ ይጎዳል፤ መልሶ ለመነሣትም መቀዝቀዝ ይፈልጋል። ያ ጊዜ ነው ሰው «ገንዘባችንን» የሚለው።

ስለ አየር አጠር አድርጌ ልለፍ። አንድ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል፤ 200 ሰው 20 ኪሎ ዋት ነው። በደሴ ብርድ ፈርተን መስኮት ስንደፍን አዳራሹ በግማሽ ሰዓት ይሞቃል፣ አየሩ ይከብዳል፣ ሰው ያዛጋል፤ ጥፋቱ ግን ለፊልሙ ይሰጣል። ለአንድ ሰው በሰከንድ 8 ሊትር ንጹሕ አየር ቢታሰብ ለ200 ሰው በሰዓት 5,800 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። በአንድ ትንሽ ቀዳዳ ከሚጮኽ ፈጣን ማራገቢያ ሁለት ሰፋፊ ዝግተኛ ማራገቢያዎች ይሻላሉ።

የሰዓት ነገርም አለ። የ11 ሰዓቱ ፕሮግራም የመግሪብን ሶላት ያቋርጣል፤ ወሎ ውስጥ ሆነን ይህን አለማሰብ ግማሽ ተመልካችን በር ላይ መተው ነው። 9 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ 11 ሰዓት ተኩል የሚያልቅ፣ ሌላው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተጀምሮ ባጃጅ ሳይጠፋ 3 ሰዓት የሚያልቅ ቢሆን እላለሁ። በፖስተሩ ላይ ከመጀመሪያው ሰዓት አጠገብ የሚያልቅበትም ይጻፍ፤ ልጆቿን ይዛ የምትመጣ እናት የምትጠይቀው እሱን ነው። ፈንዲሻው በወረቀት ይሁን፤ ፌስታል ይንኮሻኮሻል። ለመጸዳጃ ቤቱ ሮቶ ውሃ ይሙላ። እነዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ማኅበሩ አንድ የሉክስ መለኪያና አንድ የድምፅ መለኪያ ለደሴ፣ አንድ አንድ ደግሞ ለኮምቦልቻ ይግዛ፤ የፒንክ ኖይዝና የነጭ ምስል ፋይሎች በፍላሽ ይታደሉ። እያንዳንዱ አዳራሽ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ኦፕሬተርና በአንድ የሌላ ቤት ባለሙያ ይለካ። ውጤቱ በአንድ ገጽ ቅጽ ላይ ይሞላ፣ ከማኅበሩ ውጭ አይውጣ። ቅጹን ጸሐፊያችን አሁን ያድላችኋል፤ ተመልክታችሁት ከሻይ ዕረፍት በፊት እጅ በማውጣት እንወስናለን። እስከዚያው የሒሳብ ሪፖርቱን እንዲያቀርቡልን ገንዘብ ያዣችንን ወደ መድረክ እጋብዛለሁ።